ከቁም ሳጥኑ አናት የወረደው ብልቃጥ

ቂጥ ገልብጦ አይቶ ዕድሜ የሚናገር ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የጠርሙስ ቂጥ ማለቴ ነው፤ ሌላ ነገር ያሰበ ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ከወሰደበት ቆይቷል። ፊት ለፊት «ጋሽ ብልቃጡ»፣ ዞር ሲል «ብልቃጡ» ነው የሚባለው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መድኃኒት ቤት ጓዳ ውስጥ ጠርሙስ ሲያጥብ፣ ሲያደርቅና ሲደረድር ኖረ። መድኃኒቱ ሁሉ በፕላስቲክ መምጣት ሲጀምር ባለቤቱ የድሮዎቹን ጠርሙሶች ወይ ውሰዳቸው ወይ ጣላቸው አለው። በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶ፣ ወደ ቤቱ አጋዛቸው። ዛሬ ከመግቢያው በር እስከ ጓዳው ያለው ኮሪደር ግራና ቀኙ መደርደሪያ ነው። ወፈር ያለ እንግዳ የመጣ እንደሆነ በጎኑ ነው የሚገባው፤ ቀበቶው እንዳይነካ ደግሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። ብልቃጡ ትልልቁን ጠርሙስ አይወድም። የሚወደው ከአውራ ጣት የማይበልጠውን፣ ቢበዛ መዳፍ የሚሞላውን ነው፤ የዓይን ጠብታ የነበረበትን፣ የአዮዲን፣ የቀለም፣ የሽቶ።

መሠረት የሚቆፍር፣ ጣሪያ የሚያፈርስ፣ የአያቱን ሳጥን የከፈተ ሁሉ ብልቃጥ ይዞለት ይመጣል። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። መጀመሪያ የሚፈልገው ስፌቱን ነው። ጠርሙስም እንደ ሱሪ ስፌት አለው። ሁለት ግማሽ በሆነ ፎርማ ውስጥ ስለሚነፋ፣ ፎርማው የገጠመበት ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። መስመሩ አንገቱ ላይ ከቆመ ከንፈሩን ያበጀው የሰው እጅ ነው፤ ጠርሙሱ አሮጌ ነው። ከንፈሩን ተሻግሮ ከወጣ ግን የማሽን ነው፤ የቅርብ ጊዜ ነው። ከዚያ ይገለብጠዋል። ቂጡ ላይ የሚሻክር ጠባሳ ካለ፣ ትኩስ ሳለ በብረት ዘንግ ተይዞ ሲሠራ የቀረበት ነው፤ ብልቃጡ «እትብት» ይለዋል። እትብት ያለው ሲመጣለት ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰማያዊ ሆኖ ጎኑ የተሸነተረ ከሆነ የመርዝ ነው፤ የተሸነተረው ዓይን ባያይ እንኳ እጅ እንዲያውቀው ነው።

አንድ ጊዜ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ከጉድጓድ ያወጣትን ብልቃጥ በሁለት እጁ ይዞ፣ የጥንት ነገሥታት ቅባት ያለባት ናት እያለ ገባ። ብልቃጡ አየና የሳል መድኃኒት ነው አለው። ሠራተኛው ተከራከረ፤ ታዲያ ለምን ያን ያህል ጠልቃ ተቀበረች? «ስላላዳነች» አለው።

ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ትንሽ ወረቀት ቆርጦ፣ ዘመኑን ጽፎ ይለጥፍበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያ ቤት ወረቀቱም ሰውየውም አይለቁም ነበር። «አላውቅም» ሲል የሰማው ሰው የለም። ሰፈሩ በአንድ ነገር ተስማምቶ አያውቅም፤ ብልቃጡ ስለ ብልቃጥ አይሳሳትም በሚለው ግን ተስማምቷል።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ናቸው። አንዷ እህቱ ናት፤ በአራት ዓመት ታንሰዋለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ስትናደድ ከአነዳዷ ይታወቃል። ሌላዋ የእናታቸው ታናሽ እህት ናት። እነሱ «እትዬ» ይሏታል፣ ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ»። ማለዳ ትከፈታለች፤ መዝጊያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የሰው እርግዝና ከእርጉዟ ቀድማ ትሰማለች። እኔም ይህን ታሪክ ግማሹን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እሷ ከነገረቻቸው።

እናትየው ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ትታው ከሄደችው ሁሉ ማንም ያልነካው አንድ ነገር ነበር፤ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ የተሰፋ አንድ ትንሽ ብልቃጥ። ታሪኩም ይህ ነው።

አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወንዱ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጥሏቸው ሄደ። ልጁ ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፤ እስከ ሦስት ዓመቱ ቃል ሳይተነፍስ ቆይቶ፣ እናቱ ዲዳ ወለድኩ ብላ ተስፋ ስትቆርጥ ድንገት ጀመረ። እናትየው ስትናገር እንደኖረችው፣ አባትየው ከሄደ ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ አንድ የዝናብ ቀን መኪናው ተበላሽቶበት መጣ። ሦስት ቀን ቆየ። ሽቶ ሰጣት። መኪናው ሲጠገንለት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው የሞቱ ወሬ ብቻ ነው። በዘጠነኛው ወር ሴቷ ልጅ ተወለደች።

ችግሩ፣ ያን ጊዜ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ጎረቤት በሌለበት ቤት ነበር። እትዬም ገና አብራቸው አልነበረችም። አባትየው ሲመጣም ሲሄድም ያየው ሰው የለም። ምስክር ቢባል ያው የሽቶው ብልቃጥ ነው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አለ ሰፈሩ፤ ለልጅቷም «የዝናብ ልጅ» የሚል ስም አወጣላት። ትምህርት ቤት ስትሄድ አንዱ ከኋላዋ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት» ይላል፤ ሌላው «አጎቴ ፈረስ ነው አለች» ብሎ ይጨርስለታል። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ደንበኞቿ የፈለጉትን ተረት ሲተርቱ ትስቃለች፤ በቅሎ ያለበትን ግን ፊቷ የሚጀምር የለም።

አንድ ሰኞ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ የአባታቸው እህት ናት፤ ሩቅ አገር ነው የኖረችው፤ አድራሻቸውን ያገኘችው ከወንድሟ ጋር ይሠራ ከነበረ አንድ አሮጌ ሹፌር ነው። ጉልበቷ ጨርሶ እምቢ ሳይላት የወንድሟን ልጆች ማየት ትፈልጋለች፤ እሑድ እመጣለሁ አለች። ስልኩን ያነሳችው እትዬ ሬዲዮ ስለሆነች፣ እህትየዋ ከገበያ ተመልሳ ቤት እስክትገባ ድረስ ወሬውን መንገድ ላይ ከሦስት ሰው ሰማችው።

ገብታ ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። ወንበር ስባ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠራርታ፣ ከረጢቱን አውርዳ ወንድሟ ፊት አስቀመጠችው።

«ለቆፋሪውም ለአፍራሹም ታያለህ» አለችው። «የእኛን አይተህ አታውቅም።»

እማዬ አታስነካም ነበር አላት። እማዬ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው አለችው። እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው እንጂ እጁ ሳያሳክከው ቀርቶ አልነበረም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«ሌላ ነገር አልጠይቅህም። እኔ ሳልወለድ የተሠራ ከሆነ እሑድ ወጥቼ አክስቴን እስማለሁ። ከእኔ በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን የማታውቀኝ ሴትዮ ፊት የወንድሟ ልጅ መስዬ አልቆምም። ታላቁ ማነው? እሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

ብልቃጡ ቀላል ሥራ ነው ብሎ አሰበ። ከረጢቱን በምላጭ ሸርከት አድርጎ ቀደደና ጨርቁን ቁርጥራጭ የሚጣልበት ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ስፌቱን ከታች ጀምሮ በጥፍሩ ተከተለው። ስፌቱ ትከሻውን አለፈ፣ አንገቱን ወጣ፣ ከንፈሩ ላይ ይቆማል ሲል አልቆመም። ገለበጠው። ክብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዶሮ ቆማለች።

ተቀመጠ።

ዶሮዋን ያውቃታል። የአንድ ፋብሪካ ምልክት ናት፤ የመጀመሪያው የዶሮ ሣጥን መድኃኒት ቤት ሲደርስ ገለባውን እየበተነ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለስ እህቱ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጠርዝ ስትሰፋ አግኝቷት፣ ዛሬ ዶሮ ሳጥብ ዋልኩ ብሎ አስቋታል። እሷ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ታዲያ ይቺ ብልቃጥ ከእህቱ በትንሹ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። እናቱ ደግሞ ብልቃጧ ከልጅቷ በፊት ነው የመጣችው ብላ ነው የሞተችው።

በጣቱ ቆጠረ፤ ያው ነው። ጣቶቹን ራሳቸውን ቆጠረ፤ አሥር ናቸው። ምናልባት አባትየው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው የመጣው? ያኔ ሞቷል። ምናልባት እናቱ ራሷ ገዝታው ይሆን? ለምን? ለማን ልታሳይ? ወይስ ዶሮዋ እሱ ከሚያውቀው በፊትም ነበረች? እንዲያ ከሆነ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሃያ ሦስት ዶሮዎች ሁሉ የውሸት ወረቀት ለብሰዋል። አንዱን አነሳ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ መለሰ፣ ሌላውን አነሳ። እናቱ ውሸታም ከምትሆን እሱ ደደብ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ግን የትኛው እንደሆነ እንዴት ይወቅ?

ማክሰኞ የድሮ አሠሪው ዘንድ ሄደ። መድኃኒት ቀማሚው አርጅቷል፤ ግን ዶሮዋን ሲሰማ ሳቀ። የመጣችው ሰው ሠራሽ ጥርስ ባስገባበት ዓመት ነው፤ በዶሮዋ ሲስቅ ጥርሱ ወልቆ ገለባው ውስጥ ወድቆ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ፈልገህ ያገኘህልኝ አለው። ብልቃጡ አስታወሰ። ሰው ተሳስተሃል እንዲለው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ደጅ ጠንቶ፣ ልክ ነህ ተብሎ ተመለሰ።

እህቱ ማክሰኞ ጠየቀችው፤ ደመና ነው፣ ብርሃኑ አልተስማማኝም አለ። ረቡዕ ፀሐይ ወጣች፤ ብርሃኑ በዛ አለ። ሐሙስ ማጉያው ጭረት አለበት ማለት ሲጀምር እሷ መኪናዋን አቆመች።

«እኔን በልብስ ሰፊ ቋንቋ አታናግረኝ» አለችው። «እኔም ጨርቁን ሳልቆርጥ ነው 'ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው' የምለው።»

ዓርብ ጠዋት ነገራት። ቆሞ ነው የነገራት፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ መሬት መሬቱን እያየ። በስንት ዓመት ያንሰኛል ብላ ጠየቀች። በትንሹ በአሥራ አምስት አላት። ራሷን ነቀነቀች። ክሩን አስገባች፣ አንድ እጅጌ ሙሉ ዳር እስከ ዳር ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። እሱ መሄድም መቆየትም አቅቶት በሩ ላይ ተገትሯል።

«ከረጢቱስ?» አለች።

የምን ከረጢት አላት። ለብልቃጥ ሰው ከረጢት ማለት ልጣጭ ነው። እሷ ቅርጫቱን ቆፍራ የተቀደደውን ጨርቅ አወጣችና ልክ እሱ እንደሚያደርገው ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ገለበጠችው። በጥፍሯ ስፌቱን ተከተለች። የሃምሳ ዓመት ነገር የያዘች እንኳ አትመስልም፤ ሱሪ ይጠብቃል ብሎ የመጣ ደንበኛ ፊት የቆመች ነው የምትመስለው።

«ይሄ የእማዬ እጅ አይደለም» አለች።

እናታቸው የምትሰፋው እንደ ሰው ሁሉ በቀኟ ነው፤ ክሯ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ይሄኛው በተቃራኒው ነው የሚያዘነብለው። መርፌ በግራ እጁ የሚይዝ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። ሁለቱም ወደ ጓዳው በር ዞሩ። በዚያ በር ጀርባ ከማለዳ ጀምሮ የጎረቤት ወሬ ለግድግዳው ሲነገር ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል። ሬዲዮው ተዘግቶ አያውቅም ነበርና ጸጥታው ከጩኸት በላይ ተሰማ።

እትዬ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። የሰው ሁሉ ጓዳ ስታወራ የኖረች ሴት አንድ ነገር ብቻ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛ ነበር። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት አካባቢ፣ እናትየው ሳትኖር ቁም ሳጥኑን ስትወለውል ከረጢቱ ወደቀ። ድምፁን ሰማችው። ከፍታ አየች፤ ብልቃጧ ደቃለች። ከዚያ የት ሮጠች? ወደ መድኃኒት ቤት።

«ለጆሮ ጠብታ የምትሆን ትንሽ ብልቃጥ ስጠኝ አልኩህ» አለችው። «ሰጠኸኝ። እንዲያውም አጥበህ ነው የሰጠኸኝ።»

ብልቃጡ አፉን ከፈተ። ምንም አላስታወሰም። አራት ቀን ሙሉ ያ ዶሮ ከየት መጣ ብሎ ራሱን ሲያዞር የከረመው፣ ያመጣው ራሱ ነው። እትዬ ቀጠለች፤ ከአንድ ዓይነት የትራስ ጨርቅ ሌላ ከረጢት ሰፍታ፣ የዶሮዋን ብልቃጥ ከትታ መለሰች። እህቷ በማግስቱ ከረጢቱን አነሳች፣ መዳፏ ላይ ይዛ ቆየች፣ እትዬን አየቻት፣ መልሳ አስቀመጠችው። ያን ቀንም ከዚያ ወዲያም ቃል አልተነፈሰችም። አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ? እትዬ ይህንን ሠላሳ አምስት ዓመት ስታሰላስል ኖራ እስከ ዛሬ አልገባትም።

«ስባሪውን ቀበርኩት። ይቺን ግን አልቻልኩም» ብላ ከቁልፎቹ መሃል አንድ የመስታወት ውታፍ አወጣች።

ውታፍ ማለት የድሮ ብልቃጥ መክደኛ ነው። ይቺ አናቷ ጠፍጣፋ፣ እግሯ በአሸዋ ተፍቆ ደብዘዝ ያለ ነው። ብልቃጡ ያዛት፤ ቀለሙ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ውታፍ ከአንዲት አንገት ጋር ብቻ ነው የሚሞረደው አላቸው። እንደ ባልና ሚስት ነው፤ ሌላ አንገት ላይ አይገጥምም። አጣቢዎች እንዳያቀያይሯቸው ውታፉም አንገቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጫርባቸዋል። ማጉያውን ደቀነ። ውታፏ ላይ ሰባት ቁጥር ተጭሯል።

«ስለዚህ?» አለች እህቱ። «ከእኔ ትበልጣለች ወይስ ታንሳለች?»

እንዲህ ያለ ውታፍ እሱ ሳይወለድም ይሠራ ነበር፤ እሷ ተወልዳ በእግሯ ስትሄድም ይሠራ ነበር። አንገቱ የለ፣ ቂጡ የለ፣ ስፌቱ የለ። ገለበጣት፣ አቀናት።

«አላውቅም» አለ።

እህትየዋ እንዳልከፋት ሰው ሆና ተነሳች። ዶሮዋ ከሳኝ ነበር፣ ክሷን አንስታለች፤ ምስክር ግን አልሆነችኝም አለች። እሑድ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ ስለምትመጣ እንግዳ መቀበል እንደማይመቻት ነገረቻቸው። ደንበኛ እሑድ ቀን መጥታ አታውቅም።

እሑድ የመጣችው ሴትዮ ትንሽ ናት፤ ቦርሳዋ ግን ትልቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግራና ቀኙን መደርደሪያ አየችና ይሄንን ሁሉ ሽቶ ጨርሳችሁ ነው ብላ ጠየቀች። ብልቃጡን አገላብጣ ሳመችው፣ ጆሮውን ያዝ አድርጋ አየችው፣ ተቀመጠች። ሴቷ ልጅስ አለች። እትዬ ሥራ ላይ ናት ብላ መለሰች። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪና ይንጫጫል። ብልቃጡ ድምፁን ያውቀዋል፤ ጨርቅ አልገባበትም፣ ባዶውን ነው የሚነዳው።

ሻይ ቀረበ። ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ ጉልበት ተወራ። ከዚያ እንግዳዋ ከቦርሳዋ አንድ የወንድ ካልሲ፣ ከካልሲው ውስጥ አንዲት ብልቃጥ አወጣች። ወንድሜ ካመጣልኝ ነገር የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት አለች። ያመጣት የድልድዩ መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን ዘግይቶ በመጣ ጊዜ ነው። ሽቶ ነበረባት፤ ግን ክዳኗ እምቢ ብሎ፣ ከወር በላይ ሳይቆይ በንኖ አለቀ። ስጦታውንም ሰጪውንም ስረግም ኖሬያለሁ አለች።

ብልቃጡ ጨዋነቱን ረስቶ ከእጇ ነጠቃት። ስፌቷ አንገቷ ላይ ቆሟል። ከንፈሯ የእጅ ሥራ ነው። ውታፏ እንደ ሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። አውጥቶ አየው፤ አሥራ ሁለት ቁጥር። አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰባት።

ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ሄዶ ቆርቆሮውን ይዞ ተመለሰ፤ ቁልፉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። የእናቱን ውታፍ የአክስቱ ብልቃጥ አንገት ውስጥ አስገባ፣ ትንሽ አዞረው። ልክክ ብሎ ገጠመ። አልተወዛወዘም።

እንግዳዋ ይህንን አይታ ሳቀች። ዞሮ ዞሮ ያንተው ሥራ ነው አለችው። የምን ሥራ አላት።

«ነግሮኝ ነበር እኮ» አለች። «ሽቶውን በትልቅ ጠርሙስ ነው የገዛው። ለሚስቱና ለእኔ እዚያው እሷ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያካፍለው፣ ልጁ ክዳኖቹን እየወሰደ አስቸገረኝ አለ። አምጣ ስለው 'የኔ ናቸው፣ ጋሼ' አለኝ አለ። እየሳቀ ነበር የሚነግረኝ። ከዚያ መሳቁን ተወው።»

እትዬ ሬዲዮ ከሁሉ በፊት መቼ ነው አለች። ድልድዩ የተሰበረ ዓመት ነዋ አለች እንግዳዋ። እትዬ ድልድዩ ሁለት ጊዜ ነው የተሰበረው አለች። አንድ ጊዜ ነው አለች እንግዳዋ። ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ይሄ ልጅ ገና በዳዴ ሲሄድ አባቱም ቤት ሳለ፣ ሁለተኛ ልጅቷ ልትወለድ ዓመት ሲቀራት። ታዲያ የትኛው ነው? አንደኛው ከሆነ ምንም ማለት አይደለም። ሁለተኛው ከሆነ ሁሉም ነገር ነው። ሁለቱ አሮጊቶች ድልድዩን ሲሰብሩና ሲጠግኑ ብልቃጡ መሃላቸው ተቀምጦ አንዴ ወደዚህች አንዴ ወደዚያች ይዞራል። የመኪናው ድምፅ ከቆመ ቆይቷል፤ ማንም ልብ አላለም።

«ጋሼ አለው?» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«እስከ ሦስት ዓመቱ አፉን አልፈታም። አባቴ ሲሄድ ሁለት እንኳ አልሞላውም» አለ ድምፁ፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ጨርቅ እየለካ እንደሚናገር። «ልጅ የቤቱን አባወራ ጋሼ አይልም። ጋሼ የሚለው የማያውቀውን ሰው ነው።»

ብልቃጡ እጁ ላይ ያለችውን ብልቃጥ አየ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምስክር ሲፈለግ ምስክሩ ቤት ውስጥ ሲበላና ሲጠጣ ኖሯል። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፣ ሰውየውን አይቷል፣ አናግሯል፣ ክዳን ነጥቋል። ዓይኑን ጨፈነ። ዝናብ ሊያስታውስ ሞከረ፣ የሽቶ ሽታ ሞከረ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ ሰው እጅ ሞከረ። የመጣለት የመድኃኒት ቤቱ ማጠቢያ ብቻ ነው። የሺህ ጠርሙስ ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ያንን ቀን ከራሱ ውስጥ ማውጣት አቃተው።

መጋረጃው ተገለጠ። እህቱ የልኬት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም። እንግዳዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ፊቷን ሳይሆን ሜትሩን ነው ያየችው።

«ሰፊ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ» አለች አክስቲቱ ኮቷን እያወለቀች። «ይሄ እጅጌ ከተገዛ ጀምሮ ጣቴን እየዋጠኝ ነው። ሰፊ የወንድም ልጅ እያለችኝ ለሰው ላሠራ ኖሯል? ነይ እስኪ ለኪልኝ።»

መልሳ አለበሰቻትና ተንበርክካ ትለካት ጀመር። ከንፈሯ መሃል አራት የስፌት መርፌ ይዛ ስለነበር መናገር አልቻለችም፤ ዓይኗ ግን ከእጅጌው አልተነሳም፣ ለእንባዋም መጥረጊያ አላገኘችለትም። አክስቲቱ ይሄኛው ይረዝማል፣ ያኛው ያጥራል፣ አትውጊኝ እያለች ታዛለች። ሌላ ሰፊ እንዲህ ብታዘው ይከፋው ነበር። እትዬ ሬዲዮ ቁልፎቿን ከወለሉ እየለቀመች ድልድዩ ግን ሁለት ጊዜ ነው የተሰበረው ትላለች።

ሲመሽባት አክስቲቱ ብልቃጧን ጠየቀች፤ ውታፉ የእናታችሁ ነው፣ ለእናንተ ልተውላችሁ አለች። ብልቃጡ ሊያወጣው ሞከረ፤ አልነቃነቅ አለ። ጠብቋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ እዚህ ይቆይና በሌላ ቀን ትወስጅዋለሽ አላት። ሙቅ ጨርቅ አንገቱ ላይ ቢጠመጠም በሁለት ደቂቃ እንደሚላቀቅ ያውቃል፤ በዚያ ጓዳ ሺህ ጊዜ አድርጎታል። እህቱም ታውቃለች። ቀና ብላ አየችው እንጂ አልተናገረችም። ኮቴስ አለች አክስቲቱ፣ ሌላ ሹራብ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርገውላት። እህትየዋ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች።

«ለሚቀጥለው እሑድ ነይ» አለቻት። «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።»

ኮቱ አራት ቁልፍ ነበረው፤ አራቱም በቦታቸው ናቸው።

ብልቃጧ አሁን ኮሪደሩ ላይ ናት፤ ከገባችሁ በስተቀኝ፣ ከዶሮዎቹ በላይ። ወረቀት ተለጥፎባታል። እኔ ሄጄ አንብቤዋለሁ፤ ብልቃጡ ብዙ ሰርዞ ደልዞበታል። «አካሉ የአክስቴ። ውታፉ የእናቴ። ድልድዩ በተሰበረ ዓመት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በደቃቃ ጽሕፈት፣ «የትኛው? እህቴን ጠይቁ፤ እኔ አላውቅም»።